ስቴይን አልደርቅ ሲል፦ በጅማ ክረምትና በኅዳር ብርድ እንጨት ማቅለም

ጅማ ውስጥ ሐምሌ ላይ ስቴይን የተቀባ ጠረጴዛ በማግስቱ ሲዳሰስ መዳፍ ላይ ቀለም ከተወ፣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ብርዱ ነው፤ ቀጥሎ ጣሳው። ብርዱ በእርግጥ ያዘገያል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ስቴይኑን እርጥብ አድርጎ ያቆየው ሌላ ነው፦ ሳይጠረግ የቀረ ትርፍ፣ ውስጡ ያልደረቀ እንጨት፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የተጀመረ ሥራ። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ በ15 ዲግሪም ይደርቃል። ካልተስተካከሉ በበጋም ይጣበቃል።

ስቴይን ስንል እንጨቱን ሸፍኖ የሚቀመጠውን ቀለም አይደለም፤ ወደ ውስጥ ሰርጎ የእንጨቱን መልክ የሚለውጠውን ማቅለሚያ ነው። ይህ ልዩነት ከመጀመሪያው ልብ ይባል። እንጨቱ የጠጣው ይደርቃል፤ ላይ ተኝቶ የቀረው ነው ችግር የሚፈጥረው።

ጅማ ሁለት ዓይነት ብርድ አላት

የክረምቱ ብርድ እርጥብ ነው። ቀን ላይ ሙቀቱ 22 እና 23 ዲግሪ ቢደርስም አየሩ ውኃ ስለጠገበ ሌላ እርጥበት የሚቀበልበት ቦታ የለውም። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ግን ደረቅ ነው፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፣ ሲነጋም ሣሩ ጤዛ ለብሶ ይገኛል። ሁለቱን በአንድ ዘዴ መያዝ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የተለያዩ የስቴይን ዓይነቶች የሚደርቁበት መንገድ ይለያያል።

በዘይት የተሠራ ስቴይን የሚደርቀው በሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ማቅጠኛው ይተንናል፤ ቀጥሎ የቀረው ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይጠነክራል። ይህ ሁለተኛው እርምጃ በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የሚፈጀው ጊዜ በግምት እጥፍ ይሆናል። በውኃ የተሠራ ስቴይን ደግሞ በዋናነት ውኃው ወጥቶ እስኪሄድ ነው የሚጠብቀው፤ ስለዚህ ከሙቀቱ ይልቅ የአየሩ እርጥበት ይወስነዋል። እንግዲህ የውኃው ዓይነት በሐምሌ ይቸገራል፣ የዘይቱ ዓይነት በታኅሣሥ ሌሊት ይቸገራል።

ሌሊት የሚሆነውን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ቀን 24 ዲግሪ የሆነ፣ እርጥበቱም 55 በመቶ የሆነ አየር ለእንጨት ቅብ ምቹ ነው። ያው አየር ሲመሽ ወደ 14 ዲግሪ ከወረደ ግን፣ ቀዝቃዛ አየር መያዝ የሚችለው ውኃ ስለሚያንስ፣ አንድ ጠብታ ሳይጨመርበት እርጥበቱ 100 በመቶ ይሞላል፤ ቀዝቃዛ ነገር ባገኘ ቁጥር ጤዛ ይጥላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ዕቃ ጠዋት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይዞ የሚገኘው በዚህ ነው፤ ጣሪያው ከሁሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ያጠራቀመውን ውኃም ወደ ታች ያንጠባጥባል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ ከዕቃው በላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ሸራ ወጥሩ።

ቡና የሚያደርቅ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቡናው አልጋ ላይ የሚሰጣው አየር ከሥሩ እንዲያገኘው ነው፤ ማታ የሚሸፈነው ደግሞ ቀን የለቀቀውን እርጥበት ሌሊት መልሶ እንዳይጠጣ። የተቀባ እንጨትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሽፋኑ ግን ቅቡን ፈጽሞ መንካት የለበትም።

እንጨቱን አስቀድሞ ማወቅ

እርጥብ እንጨት ስቴይን አይጠጣም፤ ቀዳዳው በውኃ የተያዘ ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የእንጨቱ እርጥበት ከ12 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ሚዛን ይበቃል። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ከመሐሉ ትንሽ ቁራጭ ቁረጡና መዝኑ፤ ከዚያ 103 ዲግሪ ገደማ ባለው ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቁትና መልሳችሁ መዝኑ። መጀመሪያ 120 ግራም የነበረ፣ ሲደርቅ 104 ግራም የሆነ ቁራጭ የቀነሰው 16 ግራም ነው፤ 16 ለ104 ሲካፈል 15.4 በመቶ ይመጣል። ይህ ካልተመቸ አንድ ጣውላ ምልክት አድርጋችሁ በየሦስት ቀኑ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ካቆመ ካለበት ቦታ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

ዋንዛ ስቴይን በደንብ ይጠጣል፣ ቀዳዳው ግን ሰፊ ስለሆነ የጠጣውን መልሶ ያወጣል፤ ወደዚህ እንመለስበታለን። ጥድ፣ የአገሩም የፈረንጁም፣ ሽታው እንደሚናገረው የራሱ ዘይት አለው። ያ ዘይት በዘይት የተሠራ ስቴይን እንዳይጠነክር ያዘገያል፤ ስለዚህ ከመቀባታችሁ ጥቂት ደቂቃ በፊት በቲነር በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጠርጉትና ቲነሩ እንደተነነ ቀቡ። ቆይታችሁ ብትቀቡ ዘይቱ ከውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ባሕር ዛፍ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ጥቂት ነው የሚጠጣው፤ እንደ ዋንዛ አድርጎ የሚያጠግበው ሰው የሚያተርፈው የሚጣበቅ ገጽ ነው።

ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው በርጩማ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ላዩ ሲነካ ደረቅ ሆኖ የእግሮቹ ሥርና የመቀመጫው ወፍራም ክፍል ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የሚወጣው እርጥበት ቅቡን ከሥር እየገፋ ያለሰልሰዋል። በርጩማውን ገልብጣችሁ መሐሉን በዳሰሳ ሞክሩ፤ ከጫፎቹ ይልቅ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ጊዜ ስጡት። የመሰንጠቅ ፍርሃት ካለ ጥላ ውስጥ ይደር እንጂ ፀሐይ ላይ አይጣድ።

ምን ዓይነት ስቴይን ለየትኛው ወቅት

በክረምት የዘይቱ ዓይነት ይሻላል፤ ይዘገያል እንጂ ሥራው አይበላሽም። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ አየሩ ሲደርቅ የውኃው ዓይነት በአንድ ቀን ተቀብቶ ያልቃል፤ ብቻ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድ ቦታ እንዲያድር አታድርጉ። በአልኮል የሚሟሟው በደቂቃዎች ይደርቃል፤ ፈጥኖ ስለሚይዝ ግን ሰፊ ገጽ ላይ የብሩሽ መገናኛው መስመር ሆኖ ይታያል። ለትንንሽ ዕቃና ለወንበር እግር ነው የሚመከረው።

ማቅጠኛን በተመለከተ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። ናፍጣ አትጨምሩ። ናፍጣ ውስጥ በቶሎ የማይተን ከባድ ክፍል ስላለ እንጨቱ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፤ ከላዩ የሚቀባው ቫርኒሽም አይዝም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ መልክ ያጠቁር እንጂ ከቶም አይደርቅም። ቤንዚን ይተንናል፣ ነገር ግን ቤትና ሰው ያቃጥላል። ለምግብ የተጨመቀ የተልባ ዘይትም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ማድረቂያ ያልተጨመረበት የተልባ ዘይት በሞቃት አየር እንኳ ብዙ ቀናት፣ በብርድ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማቅጠኛ፣ ብዙውን ጊዜ አኳራጅ፣ ተጠቀሙ፤ መጠኑም ጣሳው ከሚለው አይለፍ።

ቤቱን ማሞቅ

ግቡ እንጨቱም አየሩም ከ15 ዲግሪ በላይ፣ እርጥበቱ ከ70 በመቶ በታች፣ ሌሊቱም ከ10 ዲግሪ ሳይወርድ እንዲያልፍ ነው። ሙቀትና እርጥበት አብሮ የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ዕቃው አጠገብ አስቀምጡ። ግድግዳው የሚነግራችሁ የራሱን ነው።

ዕቃውን በዋዜማው ወደሚቀባበት ክፍል አስገቡት። ከቀዝቃዛ መጋዘን ወጥቶ ወዲያው ሞቅ ያለ ክፍል የገባ ጣውላ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ላብ ያወጣል። ላቡ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ስቴይኑ ግን ያገኘዋል።

የከሰል ማንደጃ አታስገቡ። የማቅጠኛው ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተኝቶ ይሄዳል፤ ማንደጃውም ያለው እዚያው ወለል ላይ ነው። እሳቱ ባይነሳ እንኳ የከሰል ጭስ በዝግ ቤት ሳይሸት ሰው ይገድላል፤ አመዱም በረጥቡ ቅብ ላይ ያርፋል። ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለ ጣሳው ከመከፈቱ በፊት ክፍሉን አሙቁበትና አጥፉት። ቀብታችሁ ጠርጋችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ሽታው በደንብ ከቀነሰ በኋላ እንደገና አብሩት። ሽቦው ፍም የሚመስለውን ዓይነት ግን ለዘይት ስቴይን ፈጽሞ አትጠቀሙ።

መብራት ለማይታመንበት ቦታ የላስቲክ ድንኳን ጥሩ መላ ነው። 1.5 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የአጣና ቋሚና አግዳሚ ሥሩና ነጭ ላስቲክ አልብሱት፤ ከታች ዙሪያውን 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይም በአንድ በኩል ያንኑ ያህል ክፍት ተዉ። አየሩ ከታች ገብቶ ሞቆ ከላይ ሲወጣ እርጥበቱን ይዞት ይሄዳል። የላዩን ቀዳዳ የዘጋ ሰው ድንኳኑን ወደ እንፋሎት ቤት ይለውጠዋል። ዕቃው የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ ይግባ፤ ከምሽቱ በፊት ደግሞ ወደ ቤት ይመለስ።

የሥራው ቀን

1. በኅዳርና ታኅሣሥ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ አየሩ ሞቆ እንጨቱ ገና የሌሊቱን ብርድ እንደያዘ ነው። እስከ 7 ሰዓት ጨርሱ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቢያንስ አምስት ሰዓት ይቀራል። በክረምት ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ከዚያም በፊት ቀድማችሁ ጨርሱ።

2. በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ ቀጥሎ 120፣ መጨረሻ 180 እንጨቱን በሥሩ (በቃጫው መስመር) አቅጣጫ አለስልሱ። ከ220 በላይ መሄድ ገጹን ከልክ በላይ ያለሰልሰዋል፣ ስቴይኑም ሳይሰርግ ላዩ ይቀራል። የውኃ ስቴይን ከሆነ ገጹን በራሰ ጨርቅ እርጥብ አድርጋችሁ አድርቁትና የተነሳውን ጸጉር በ180 ቀለል አድርጋችሁ ውሰዱ። አቧራውን በመጥረጊያ ሳይሆን በቀጭን ብሩሽ፣ በኋላም አኳራጅ በነካው ጨርቅ አጽዱ።

3. ጣሳውን እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ አስቀምጡ፤ ክዳኑ ትንሽ ይላላ፣ እሳትም በአቅራቢያ አይኑር። የቀዘቀዘ ስቴይን ወፍራም ስለሚሆን ሳይታወቅ በዝቶ ይቀባል። ከዚያ በእንጨት ማማሰያ ከታች ወደ ላይ አማስሉ። ሥሩ የዘቀጠው ቀለም ካልተነሳ የጣሳው የላይኛው ግማሽ ቀጭን፣ የታችኛው ደግሞ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው አይደርቅም።

4. ከዚያው እንጨት የተቆረጠ የሙከራ ቁራጭ አብራችሁ ቀቡ፣ አብሮም ይቀመጥ። ወደፊት የምትዳስሱት እሱን እንጂ ጠረጴዛውን አይደለም።

5. በጨርቅ ወይም በብሩሽ ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡ። አንድ ሊትር በለሰለሰ ጣውላ ላይ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለ1.5 በ0.8 ሜትር የጠረጴዛ ገጽ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከዚያ በላይ የሄደው ትርፍ ነው። በአንድ ጊዜ ግማሽ ካሬ ሜትር ብቻ ያዙ።

6. በ20 ዲግሪ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በ15 ዲግሪ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ትርፉን ጥረጉ። ጨርቁ ደረቅ ይሁን፣ ቶሎ ቶሎም ይለወጥ። መጀመሪያ ገጹን አሻግራችሁ፣ መጨረሻ በሥሩ አቅጣጫ። ስትጨርሱ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሲያልፍበት ደብዘዝ ያለ ምልክት ብቻ ሊያነሳ ይገባል።

7. ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያም ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ጥረጉ። በተለይ ዋንዛ ከሆነ ይህን አትዝለሉ።

የመጨረሻው ለምን እንደሆነ በቅርብ ማየት ይገባል። እንጨቱ ሲሞቅ ቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ስቴይኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ ብታዩት የመርፌ ጭንቅላት የሚያህሉ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች በየቀዳዳው አፍ ላይ ቆመው ታገኛላችሁ። በጊዜው ካልተጠረጉ ዙሪያቸው ይደርቃል፣ ውስጣቸው ግን ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ቫርኒሽ ሲቀባባቸውም ይፈነዳሉ ወይም ጥቁር ነጥብ ሆነው ይቀራሉ።

ቅርጽ ባለው በርጩማ ላይ ደግሞ ስቴይኑ የሚሰበሰበው በጌጡ ቦይ ውስጥ፣ እግሩ መቀመጫውን በሚነካበት ጥግና በመቀመጫው ጉድጓድ መሐል ነው። ጨርቅ ቦዩ ውስጥ አይገባም። ደረቅ ብሩሽ ቦዩን ተከትላችሁ ጎትቱ፣ ብሩሹን በጨርቅ እያደረቃችሁ ደግሙ፤ ለጠባቡ ጥግ የጨርቁን ጫፍ እንደ ክር ጠምዝዛችሁ አስገቡትና እስኪጠጣ ያዙት። ከዚያ በርጩማውን ገልብጣችሁ እግሮቹን ወደ ላይ አድርጋችሁ አድርቁት፤ የቀረው ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ እንዳይወርድ። ሲገለበጥ የመቀመጫው ጠርዝ ወለል እንዳይነካ ሁለት ቀጭን ጣውላ ከሥር አድርጉለት።

መድረቁን ማረጋገጥ

በዘይት የተሠራ ስቴይን በ20 ዲግሪና በመካከለኛ እርጥበት በ24 ሰዓት ለቫርኒሽ ይደርሳል። ለጥንቃቄ በ15 ዲግሪ 48 ሰዓት፣ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋና ዝናብ ሲኖር 72 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቁጠሩ። በውኃ የተሠራው በደረቅ ወቅት ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ በሐምሌ ግን ማደር አለበት።

ሰዓቱ ግምት ነው፤ የሚወስነው የሙከራ ቁራጩ ነው። ነጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹበት፤ ቀለም ከወጣ ጠብቁ። አሽትቱት፤ የአኳራጅ ሽታ ካለ ገና ነው። በአሮጌ የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 220 ጥቂት ፋቁት፤ ደረቅ ዱቄት ከሆነ ደርሷል፣ ወረቀቱ ላይ ተንከባሎ ከተጣበቀ አልደረሰም። በዳሰሳ ብቻ መፍረድ ግን ያሳስታል። በብርድ ጊዜ ላዩ ቀድሞ ቀዝቅዞ ደረቅ ይመስላል።

ተጣብቆ ከቀረ

ከማንኛውም እርምጃ በፊት ሙቀትና አየር ስጡት። 20 ዲግሪ ያለው ክፍል፣ መስኮት በትንሹ ክፍት፣ ቬንትሌተር ወደ ዕቃው ሳይሆን ወደ ግድግዳው ዞሮ፤ በዚህ ሁኔታ 48 ሰዓት ይቆይ። ብዙው በዚሁ ይድናል።

ካልዳነ ትርፍ አለ ማለት ነው። አኳራጅ ባራሰው ጨርቅ በሥሩ አቅጣጫ ጠርጉና ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። መልኩ ጥቂት ይገረጣል፣ መጣበቁ ግን ይለቃል። ንጣፉ ወፍራም ከሆነ ያንኑ ስቴይን ቀጭን አድርጋችሁ ከላዩ ቀቡ፤ ያለው ማቅጠኛ የታችኛውን ያላላዋል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሁለቱንም አብራችሁ አጥብቃችሁ ጥረጉ። ይህ በሌላ ሰው ዓይን እሳትን በእሳት ማጥፋት ይመስላል፤ የሚሠራው ግን ጨርሳችሁ ከጠረጋችሁ ብቻ ነው።

ለዘይት ቀለም የሚሸጥ ማድረቂያ ጠብታ አለ። በጣሳው ላይ በተጻፈው መጠን ገና ባልተቀባው ስቴይን ላይ ይጨመራል። ያበዙት ሰዎች ላዩ ተሸብሽቦ ሥሩ ለስላሳ የሆነ ገጽ ነው የሚያገኙት፤ አስቀድሞ የተጣበቀውንም አያድነውም።

ከላዩ የሚመጣው

በዘይት ስቴይን ላይ በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ጥቂት ይታገሣል። በውኃ የተሠራ ቫርኒሽ ግን አይታገሥም፤ ሥሩ ሙሉ በሙሉ ካልደረቀ እንደ ላስቲክ ተላጥቶ ይነሳል። በብርድ ወቅት በመካከላቸው 72 ሰዓት ይኑር። በቲነር የሚቀጥን ላከር ደግሞ ያልደረቀውን ስቴይን ያነቃውና ገጹን ያሸበሽበዋል። በዝናብ ቀን የተረጨ ላከር ሌላም ችግር አለበት፦ ቲነሩ ፈጥኖ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ አየሩ ውስጥ ያለው ውኃ ይያዝና ወተት የመሰለ ደመና ይቀራል። ደመናው የመጣው ከሥር ሳይሆን ከላይ ስለሆነ መፋቅ አያስፈልግም። ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ ዝግ ብሎ የሚተን ቲነር በስሱ ስትረጩበት አብዛኛውን ጊዜ ይጠራል።

ጨርቆቹ

ዘይት ስቴይን የጠረጉ ጨርቆች ተጠቅልለው ከተጣሉ ሲደርቁ የሚያወጡት ሙቀት ተጠራቅሞ በራሱ እሳት ያስነሳል። ክብሪት አያስፈልገውም። ክፍሉ ቢቀዘቅዝም ክምሩ ውስጡ ይሞቃል። አንድ በአንድ ዘርግታችሁ ደጅ አስጡ፤ ዝናብ ከሆነ ውኃ የሞላ ክዳን ያለው ብረት ጣሳ ውስጥ ጨምሩ። በመጋዝ ዱቄት ክምር ላይ መጣል ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው።

የሙከራ ቁራጩን ስትጨርሱ አትጣሉ። ጀርባው ላይ ቀኑን፣ የቀኑንና የሌሊቱን ሙቀት፣ እርጥበቱን፣ የትኛው ጣሳ እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደፈጀ በእርሳስ ጻፉና ጣሳው አጠገብ ስቀሉት።